የስፓርክሊ ምስክር

እኛ ሱቅ ገብቶ የወጣ ሰው «እንደገና ይምጡ» አይባልም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ጊዜ ከአፌ አምልጦኝ ብያለሁ፤ ሰውየው ወንበር አንሥቶብኝ በግድ ነው ያስቆሙት። «ገበያ ይቅናችሁ» ብሎ የመረቀንም የለም፤ ቢኖር ሰፈሩ በእርግማን ይቆጥርበት ነበር። የምንሸጠው የሬሳ ሣጥን ነው። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ ሲወረድ፣ በጎሚስታውና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መሀል ያለችው ጠባብ ሱቅ የአጎቴ የገብረየሱስ ናት። እሱ ይሠራል፣ እኔ እሸጣለሁ። ዕፀገነት እባላለሁ።

ሥራው ከፋኝ አልልም። የከፋኝ የሰው ነገር ነው። እስከ ዛሬ ሁለት ወንዶች ማኪያቶ ጋብዘውኛል። የመጀመሪያው ሥራዬን ሲሰማ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣና ስልኩን ቀየረ። ሁለተኛው ትንሽ ደፋር ነበር፤ እናቱን አማክሮ ተመለሰና «እማዬ እጇ ቀዝቃዛ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ» አለኝ። ቀዝቃዛ አልነበረም። ይህን ስሰማ ግን ቀዘቀዘ።

ስለዚህ ሜክሲኮ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ ለመማር ስመዘገብ፣ የሥራ ቦታ በሚለው ላይ «ፈርኒቸር ቤት» ብዬ ሞላሁ። እንጨቱም ያው እንጨት፣ ምስማሩም ያው ምስማር ነው ብዬ ኅሊናዬን አባበልኩት። ኅሊናዬ ሲያባብሉት ቶሎ ይተኛል።

ክፍላችን ውስጥ ማኑ የሚባል ልጅ አለ። ጌጃ ሰፈር ከእናቱ ጋር ይኖራል፣ ቴሌቪዥንና ምጣድ ይጠግናል፣ ሲስቅ ድምፅ አያወጣም። ከእኔ አጠገብ ይቀመጥና በየሳምንቱ ስለ ቁም ሣጥን ይጠይቀኛል። ባለ ሁለት በር ስንት ነው፣ ባለ ሦስት በርስ፣ መስታወቱ ከውስጥ ይሻላል ከውጭ። እኔም ከሱቃችን ማዶ ካለው እውነተኛ ፈርኒቸር ቤት ዋጋውን አጣርቼ ቅዳሜ አቀርብለታለሁ። እንዲህ እያልን ሦስት ወር ሞላን፤ ቁም ሣጥኑ አልተገዛም። እኔም ጸሎቴ እንዳይገዛ ነበር። ወድጄዋለሁ፤ እውነቱን የሰማ ቀን ደግሞ እንደማጣው አውቃለሁ። ጭንቄ ሁሉ ይኸው ነበር።

አስተማሪያችን ጋሽ በሱፍቃድ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያለ ምስክር «ዛሬ ቅዳሜ ነው» ቢሏቸው አይቀበሉም። እንግሊዝኛንም የሚይዙት እንደ መዝገብ ነው። «ደብተር ላይ የተቀመጠ ቃል የታገደ ንብረት ማለት ነው» ይላሉ፤ «ቤት ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ ላይ ካልዋለ ማንንም አይጠቅምም።» በዚህ የተነሣ በኮርሱ መጨረሻ ለያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቅጽል በዕጣ ይደርሰዋል። ተማሪው ቅጽሉን በዕለት ተዕለት ኑሮው አሥር ጊዜ ይናገረዋል፤ የሰማው ሰው ስሙን ከነአያቱ ጽፎ ይፈርማል፤ በመጨረሻም የተማሪው የሥራ ቦታ ማኅተም ያርፍበታል። ይህን ያላሟላ ሰርተፍኬት አያይም።

ለናዝሬት «ታየርድ» ደረሳት፤ ሁለት ልጆች ያሏት ነርስ ስለሆነች ድካሟን በአንድ ፈረቃ ተናግራ ጨረሰች። ፈሀድ ብስኩት ያከፋፍላል፤ የደረሰው «ክራንቺ» ነው፣ ሲቆረጠም ኩርሽም ኩርሽም የሚል። ዕድል ይሉሃል ይኼ ነው። ለማኑ ታጋሽ ማለት የሆነው «ፔሸንት» ወጣለት። እኔ ወረቀቴን ስከፍት «ስፓርክሊ» ይላል።

ጋሽ በሱፍቃድ ትርጉሙን አስረዱኝ። «ብልጭ ብልጭ የሚል፤ ብርሃኑ አንድ ቦታ አልቀመጥ ያለው። የሠርግ ቀሚስ፣ የጆሮ ጌጥ፣ የገና ዛፍ። ሻይኒ ከሚለው ጋር እንዳታምታቺው።» ባርኔጣቸውን አወለቁና መላጣቸውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረጉት። «ይኼ ሻይኒ ነው፤ ባለበት ረግቶ የሚያበራ። ስፓርክሊ አይደለም። ልዩነቱን ያዢ።» ያዝኩት።

በቃሉ በኩል ችግር አልነበረብኝም። ልደታ ውስጥ የእኛን ሱቅ የሚያህል ስፓርክሊ ቦታ የለም። አጎቴ ሣጥኖቹን ወርቅማና ብርማ ጨርቅ ያለብሳል፣ ዳር ዳሩን በሚያብረቀርቅ ዳንቴል ይከባል፣ ክዳኑ ላይ መስቀል ይለጥፍና ከመርካቶ የሚያመጣውን የብር ብናኝ ይነሰንስበታል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ዓይን ያማል። ብናኙ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ችግሩ ለማን ይባላል ነው። አባቱ የሞተበትን ሰው «ይኼኛው በጣም ስፓርክሊ ነው፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ይሉታል?

ስለዚህ ውጭ ሞከርኩ። አንድ የታክሲ ረዳት አንገቱ ላይ ወፍራም ሰንሰለት አንጠልጥሎ ነበር። «ሰንሰለትህ ስፓርክሊ ነው» አልኩት። ትርጉሙን ስነግረው ደስ አለው። ወረቀቱን ሳወጣ ደስታው ጠፋ።

«ፊርማ? የምን ፊርማ?»

«ለትምህርት ነው።»

«አባቴ ለልማት ነው ተብሎ ፈርሞ ነው ቦታችን የሄደው። ወራጅ አለ!» አለና ሳልደርስ አወረደኝ።

ባንክ ሰልፍ ላይ ደግሞ ጫማዋ ብልጭልጭ የሚል ሴትዮ አገኘሁና ነገርኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «የምትሰድቢኝ ከሆነ በአማርኛ ስደቢኝ» አለችኝ። የአዲስ አበባ ሰው አድናቆት ይቀበላል እንጂ አይፈርምም። አጎቴም «በማላነበው ነገር አልፈርምም፤ በማነበውም ላይ ብዙ አልወድም» ብሎ ማኅተሙን ኪሱ ከተተ። ሐሙስ ጠዋት ድረስ አሥር ባዶ መስመር ይዤ እዞር ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት አንዲት አሮጊት ገቡ። ጥቁር አልለበሱም፣ አላለቀሱም፣ የተከተላቸው ሰውም የለም። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ሣጥኖቹን ጎመን እንደሚመርጥ ሰው ያገላብጡ ጀመር።

«ነፍስ ይማር» አልኳቸው፤ የእኛ ሱቅ ሰላምታ ይኼ ነው።

«ገና አልሞትኩም» አሉኝ። «ለራሴ ነው።»

ወይዘሮ ሀረገወይን ይባላሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በስልክ ኦፕሬተርነት ነው። ልጅ የላቸውም። ቆርበዋል። «ንስሐዬን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ዕቃ ነው» አሉ። እድራቸው የሚገዛውን ሣጥን በጎረቤት ቀብር ላይ አይተው አልወደዱትም። «ግራጫ ነው፣ ልጄ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ግራጫ ዩኒፎርም ለብሻለሁ። ወደዚያ ስሄድ እንኳ ልለውጥ እንጂ።»

ጥግ ላይ፣ አጎቴ ለማሳያ የሠራት፣ እስከ ዛሬ ማንም ደፍሮ ያልገዛት አንዲት ሣጥን አለች። ሸራውን ገለጥኩላቸው። ፊታቸው በራ።

«ልግባባትና ልሞክራት?»

አጎቴ መዶሻውን ጣለ። «ኧረ እማማ፣ ደግሞ ይሞከራል እንዴ!»

«ጫማ ሳይሞክሩ ይገዛል?»

«ጫማ ይመለሳል» አለ አጎቴ። በዚህ ተስማሙና በሜትር ተለኩ። ተርፏቸዋል።

«ውይ፣ እንዴት ነው ብልጭ ብልጭ የምትለው! ምን ይሏታል ይቺን?»

«ስፓርክሊ» አልኩ፣ ሳላስበው። ከዚያ የሳምንቱ ብሶት ተጠራቅሞብኝ ኖሮ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ዕጣውን፣ ምስክሩን፣ የታክሲ ረዳቱን፣ ባዶውን ወረቀት።

መነጽራቸውን ከዘንቢሉ አወጡ። «በይ ጀምሪ። እኔ እሰማለሁ።»

ክዳኗ ስፓርክሊ፣ መስቀሏ ስፓርክሊ፣ የትራሷ ዳንቴል ስፓርክሊ። በያንዳንዱ ላይ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ስማቸውን ከነአያታቸው ይጽፋሉ። ስድስተኛው ላይ እጀታውን ነኩ።

«ይኼስ?»

«እሱ እንኳ ሻይኒ ነው እንጂ ስፓርክሊ አይባልም።»

«እንግዲያው አልፈርምበትም» አሉና ወደሚቀጥለው አለፉ። በሕይወቴ እንደእሳቸው ያለ ቀጥተኛ ሰው አላየሁም።

አጎቴ ያቺ ሣጥን ተሸጠች ብሎ ደስታው ወሰን ስላጣ ማኅተሙን ሰጠኝ። «ገብረየሱስ የሬሳ ሣጥን ማምረቻና መሸጫ» ይላል። መታሁትና ቀለሙ ሳይደርቅ መሀሉን በአውራ ጣቴ ጨፈለቅሁት። «ገብረየሱስ» ቀረ፣ «ማምረቻና መሸጫ» ቀረ። እማማ ሀረገወይን አዩኝ።

«ምነው አጠፋሽው?»

አንዴ ጀምሬያለሁና ስለ ፈርኒቸር ቤቱም፣ ስለ ማኑም ነገርኳቸው። «እስክፈልጋት እዚሁ ትቆየኝ» ብለው ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ወጡ።

ቅዳሜ ጋሽ በሱፍቃድ ወረቀቴን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት።

«ማኅተሙ ተደምስሷል።»

«እጄ ነክቶት ነው፣ ጋሼ።»

«የተደመሰሰ ማኅተም ሰነድ አይሆንም። አሥሩንም የፈረሙት ደግሞ አንድ ሰው ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ምስክሯ ይቅረቡ።» ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

እማማ ሀረገወይን በቀጠሯቸው፣ አራት ፎቅ ደረጃ እያረፉ ወጡ። ጋሽ በሱፍቃድ ብድግ ብለው ተቀበሏቸው፣ ወንበር ሰጧቸው፣ ውሃ አቀረቡላቸው፣ ቀኝ እጃቸውን አስነሥተው አስማሏቸው። ማኑ ከአጠገቤ እስክሪብቶውን ያሽከረክራል።

«ይህች ተማሪ ስፓርክሊ የሚለውን ቃል በእርስዎ ፊት ተናግራለች?»

«አሥር ጊዜ።»

«ስለምን ዕቃ?»

እማማ ሀረገወይን አዩኝ። ከዚያ ከሃያ ተማሪ መሀል ማኑን ለይተው አዩት። የቱ እንደሆነ አላሳየኋቸውም፤ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ከሰው ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ስለ ቁም ሣጥን» አሉ።

ጋሽ በሱፍቃድ ጻፉ።

«መጠኑ?»

«እኔን ይበቃኛል።»

«ስንት በር አለው?»

«አንድ። ከላይ።»

«ከላይ?» ይህንንም ጻፉ። «የት ነው የሚቀመጠው?»

«ልደታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ።» ስሕተታቸው ገባቸውና «አጠገቡ ማለቴ ነው» አሉ።

«ማን ያጓጉዘዋል?»

«እድርተኛው ይሸከመዋል። ሰው አይጠፋም።»

ፈሀድ አፉን በደብተሩ ሸፈነ። ጋሽ በሱፍቃድ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ወይዘሮ ሀረገወይን፣ መሐላ ላይ ነዎት። በእውነት ቁም ሣጥን ነው?»

አሮጊቷ ወገባቸውን ቀጥ አደረጉ። «ቁም ሣጥን ነው። እግዜር ምስክሬ ነው።»

ይኼን አልቻልኩትም። እጀታው ሻይኒ ነው ቢባሉ አልፈርምም ያሉ ሰው፣ ንስሐቸውን ጨርሰው ዕቃቸውን የገዙ ሰው፣ ለእኔ እፍረት ብለው ነፍሳቸውን ሊያስይዙ ነው። ተነሣሁ።

«የሬሳ ሣጥን ነው» አልኩ። «የራሳቸው። እኔ ፈርኒቸር ቤት አይደለም የምሠራው፤ የሬሳ ሣጥን ሻጭ ነኝ። ማኅተሙንም ሆን ብዬ ነው ያጠፋሁት። እሳቸው ለእኔ ብለው ነው፤ ከመዝገቡ ይሰረዝላቸው።»

ነርሷ ናዝሬት እንኳ ሳታስበው ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ጋሽ በሱፍቃድ ረጅም ጊዜ ሲጽፉ ቆይተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «የምስክሯ የመጨረሻ ቃል ተሰርዟል። ዕቃው የሬሳ ሣጥን መሆኑ ተረጋግጧል። የሬሳ ሣጥን ስፓርክሊ ሊባል ይችላል ወይ ለሚለው ጭብጥ፣ ብናኝ እስካለው ድረስ ይባላል። ዘጠኝ ከአሥር። አንዱ ለማኅተሙ ተቀንሷል።»

እማማ ሀረገወይን አማተቡ። «እግዜር ይስጥልኝ። ከብዶኝ ነበር።»

ማኑ ደብተሩን ዘግቶ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። እማማ ሀረገወይንን ደግፌ ደረጃውን ስወርድ ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ማኑ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። እኛ ሱቅ ሰው እንዲሁ አይገባምና ጎሚስታው ጎማውን ትቶ አፈጠጠበት። አጎቴ ከእግር እስከ ራሱ በዓይኑ ለካውና «ሜትር ከሰማንያ» አለ። ልማድ ሆኖበት ነው እንጂ ክፋት የለውም።

ማኑ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «አውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«የአባቴን ሣጥን ከእናንተ ነው የወሰድነው። የዛሬ ሁለት ዓመት። ከእድሩ ሰዎች ጋር መጥቼ አንቺ ነሽ ያስተናገድሽን። አቧራውን ወለወልሽልን። እኔ ማልቀስ ስጀምር ደግሞ ፊትሽን አዙረሽ እንደገና ወለወልሽው፤ አቧራ ግን አልነበረበትም። ክፍል የገባሽ ቀን ነው የለየሁሽ።»

አላስታወስኩትም። የሚያለቅስ ሰው ፊት ማየት አልወድም፤ ሁልጊዜ የምወለውለው ለዚሁ ነው።

«ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ቁም ሣጥን ቁም ሣጥን ስትለኝ...»

«ፈርኒቸር ቤት ነው አልሽ። ሌላ ምን ልጠይቅሽ?»

«ቅዳሜ ለምን ጥለኸኝ ወጣህ?»

«አፍሬ። አንቺ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገርሽ፤ እኔ እያወቅኩ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር።» ሣጥኖቹን ዞር ብሎ አየና «የአባቴ ግን ስፓርክሊ አልነበረም» አለ።

«ቫርኒሽ ብቻ ከሆነ ሻይኒ ነው» አልኩት።

ድምፅ ሳያወጣ ሳቀ። ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ሥራው ሄደ። ከደስታዬ ብዛት ሸራ ያልለበሰውን ሣጥን ሁሉ ወለወልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጌጃ ሰፈር እድር ጸሐፊ አቶ ዱሬሳ እያለከለኩ ገቡ። የቆዩ ደንበኛ ናቸው።

«ነፍስ ይማር» አልኳቸው።

«አሜን። ማኑ ቀብድ ከፍሏል ወይስ እድሩ ሙሉውን ይክፈል?»

«የምኑን ቀብድ?»

«የእናቱን ነዋ፣ የወይዘሮ ፀሐይቱን። ምሳ ሰዓት ላይ ከዚህ ሲወጣ የሰፈር ሰው አይቶታል። ከእናቱ ሌላ ማን አለው? ቤታቸው ብንሄድ ተቆልፏል፤ እሱም ስልክ አያነሣም። ጡሩንባው ተነፍቷል፣ ድንኳኑም እየተተከለ ነው።»

አጎቴ ሜትሩን አነሣ። እኔ አቶ ዱሬሳን ቀድሜ ሮጥኩ።

ስደርስ ድንኳኑ ቆሟል፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ሴቶቹ «ደጓ ጎረቤቴ» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። በዚህ መሀል አንዲት ቀጭን ሴት ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥለው ከገበያ መጡ። ድንኳኑን ሲያዩ ፌስታሉን ጣሉ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ እያለቀሱ ገብተው ከሴቶቹ መሀል ተቀመጡ።

«ማን ነው የሞተው?» ብለው አጠገባቸው ያለችውን ጠየቁ።

«ፀሐይቱ» አለች ሴትየዋ ቀና ሳትል።

«የቷ ፀሐይቱ?»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻቸውና ራሷን ሳተች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት ልተርከው አልችልም። ማኑ ወሬውን ሰምቶ የመሣሪያ ቦርሳውን እንደያዘ በሩጫ ሲደርስ ግማሹ ሰው ውሃ ያመጣል፣ ግማሹ ወይዘሮ ፀሐይቱን እየነካካ ያማትባል።

ከኋላዬ የደረሱት አቶ ዱሬሳ በእድሩ ስም ጠየቁ። «አንተ ልጅ፣ ሰው ካልሞተብህ ሣጥን ቤት ምን ልታደርግ ገባህ?»

ማኑ ዙሪያውን ሲያይ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር አገኘኝ። ጆሮው ቀላ።

«ልጅ ላነጋግር ነው የሄድኩት» አለ። «ይህቻት።»

ጌጃ ሰፈር በሙሉ ዞሮ አየኝ። ወይዘሮ ፀሐይቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ሥራሽ ምንድን ነው፣ ልጄ?» ሣጥን ቤት መባሉን ሰምተዋል፤ ከእኔ አፍ ፈለጉት።

ከድንኳኑ ኋላ ማምለጫ ቀዳዳ ነበር፤ አይቼዋለሁ። «የሬሳ ሣጥን እሸጣለሁ» አልኩ፣ ከኋላ የቆሙት ሁሉ እስኪሰሙ።

ወይዘሮ ፀሐይቱ ድንኳኑን አዩ። ወንበሮቹን አዩ። ለእሳቸው ያበጡትን የጎረቤቶቻቸውን ዓይኖች አንድ በአንድ አዩ።

«እንግዲህ እኔ ለቅሶዬን በዓይኔ ዐይቻለሁ» አሉ፤ «ከዚህ በኋላ ሣጥን ያስፈራኛል?» ወደ አቶ ዱሬሳ ዞሩ። «ድንኳኑን እንዳታፈርሱት። ልጅቷ ትግባና ሻይ ትጠጣ።»

ገባሁ። ከአልቃሾቹ አንዷ ዓይኗን እየጠራረገች ጠጋ አለችና አጠገቧ ቦታ ሰጠችኝ።